መስኮቴን የወሰደብኝ ማቴዎስ

ማቴዎስ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ሽሮ ሜዳ አባቱ ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጬ ቀናሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ሐዘን ነው ብዬ፣ ድካም ነው ብዬ። ቅናት ነበር። የእድሩ ሰዎች ወንበር አልቆባቸው ከጎረቤት አግዳሚ ያመላልሳሉ፣ ተማሪው ደግሞ መግባቱን አላቆመም። ከተመረቁ የቆዩ፣ እኔ ስማቸውን የረሳሁት ሁሉ መጥተዋል። አንዷ ልጅ አዝላ ነበር። ገና በጠዋቱ ድንኳኑ ሞልቶ አስፋልቱ ዳር የቆሙም ነበሩ። የሟች አባት ከፊቴ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ሳለ፣ እኔ «የኔ ቀን ሲደርስ ከዚህ ውስጥ ስንቱ ይመጣ ይሆን?» እያልኩ በልቤ እመዝን ነበር።

አብረን ስንሠራም ነገሩ እንዲሁ ነበር። እሱ ይወደዳል፣ እኔ እቀናለሁ፣ ሁለታችንም ሥራችንን እንሠራለን። አውቆብኝ እንደሆነ አላውቅም። ቢያውቅም የሚያስቀይም ሰው አልነበረም፤ ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር። የምቀናበት ሰው ክፉ ቢሆን ምናለ? ቢያንስ ደፍሬ ባማሁት።

የሠራነው ጉለሌ ውስጥ ባለ የአንድ የግል ኮሌጅ ቅርንጫፍ፣ ሬጅስትራር ክፍል ነው። ዋናው ግቢ ሌላ ሰፈር ነው። እኛ የተማሪውን ምዝገባ፣ የኮርስ ለውጥና የድጋሚ ፈተና ማመልከቻ ተቀብለን ወደዚያ እንልካለን፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ቀኑ ካለፈ ማንም ቢለምናቸው አይቀበሉም። ክፍላችን ወደ ግቢው የምትከፈት አንዲት መስኮት አለችው። የብረት ፍርግርግ አላት፣ ከሥሩ ወረቀት የሚያልፍበት ክፍተት። ቅርንጫፉ ከተከፈተ ጀምሮ ከዚያች መስኮት ጀርባ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

«እትዬ የሺ፣ ምዝገባ መቼ ነው የሚዘጋው?» «እትዬ የሺ፣ ውጤት መቼ ነው?» «እትዬ የሺ፣ ኮርስ መቀየሪያው አለፈ እንዴ?» ቀኑን ሙሉ ይህ ነበር። ሁሉንም በቃሌ ስለማውቀው ወረቀት ሳልገልጥ እመልሳለሁ፤ ሻይ እየጠጣሁም እመልሳለሁ። ማስታወቂያውንም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተር እያለ በእጄ፣ በወፍራም ማርከር፣ ርዕሱን በቀይ። ፊደሌ ያምራል፤ ራሴን ላሞግስ ብዬ አይደለም፣ ያየ ሁሉ የሚለው ነው። ታክሲ ውስጥ እንኳን የቀድሞ ተማሪ ካገኘሁ «የማስታወቂያዋ እትዬ የሺ!» ይለኛል፣ ሒሳቤንም ይከፍልልኛል።

በርግጥ ያንን ሁሉ ጽፌም ተማሪው ቀን ያሳልፍ ነበር። በየሴሚስተሩ፣ ከተዘጋ በኋላ መስኮቴ ላይ ተለጥፎ የሚያለቅስ አይጠፋም። መጀመሪያ እቆጣለሁ፣ ከዚያ አዝናለሁ፣ ከዚያ ዲኑ ቢሮ ገብቼ እለምናለሁ። ጥቂቱ ይሳካል፤ ያልተሳካለት ዓመት ይደግማል። እውነቱን ለመናገር ይህም ደስ ይለኝ ነበር። መውደቃቸው አይደለም ደስ የሚለኝ። ሲጨንቃቸው ሮጠው የሚመጡት ወደ እኔ መሆኑ ነው። ሰው የሚፈልጋት ሴት ነበርኩ።

ማቴዎስ ከሒሳብ ክፍል ተዛውሮ ሲመጣ አዲስ ረዳት ተሰጠኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አርባ የሞላው የማይመስል ሰው ነው። የሸማኔ ልጅ ነው፤ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲሸምን ነው ያደገው። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍበት አይሳደብም፤ ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መወርወሪያ የሚወረውር ይመስል። እኔን «እትዬ የሺ» እያለ፣ «እርስዎ» እያለ፣ ወንበሬን እያስተካከለ ነበር የሚያናግረኝ። ራሱ ግን ሰዓት አያከብርም። ጠዋት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ከበሩ እስከ ቢሮ ድረስ እያንዳንዱ ተማሪ ጋ ይቆማል።

በመጣ ሰሞን አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ቆሞ አየሁት። ተማሪ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ይመጣል፣ ያልፋል፤ እሱ ዝም ብሎ ያያል። ተመልሶ ገብቶ ያለኝን አልረሳውም።

«እትዬ የሺ፣ ጽሑፍዎ በጣም ነው የሚያምረው። ሰው ጽሑፉን እያየ ቀኑን ሳያየው ይሄዳል።»

ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በዚያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ ራት አልበላሁም።

እሱ የራሱ አባባል ነበረው፤ በነገር ሁሉ ላይ ጣል ያደርገዋል። «ከበዓል በኋላ የደረሰ ጥበብ ጨርቅ ነው» ይላል። ከአባቱ የወረሰው ነው። አንድ ዓመት አባቱ ለእንቁጣጣሽ የታዘዙትን ቀሚስ በማግስቱ ይዘው ቢሄዱ፣ ያዘዘችው ሴት አገላብጣ አይታ «ሥራው ቆንጆ ነው፣ ግን ለየትኛው ቀን ልልበሰው?» ብላ መለሰችባቸው። ከዚያ ወዲህ እቤታቸው ውስጥ ቀን ማሳለፍ እንደ ነውር ነው የሚታየው። ማቴዎስም የተማሪውን ወረቀት የሚያየው እንደዚያ ቀሚስ ነበር። የዘገየ ማመልከቻ ሲያይ የእውነት ያመዋል፣ ፊቱ ይጠቁራል።

እናም ያንን የስልክ ነገር አመጣ። ነገሩን ሳስረዳ ቀላል ይመስላል። እኛ ማስታወቂያ የምናወጣው በእኛ ቀን አቆጣጠር ነው። የተማሪው ስልክ ደግሞ ጥር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ልጆቹ ቀኑን ከራሳቸው እየቀየሩ ሲሞሉ ይሳሳታሉ፣ አብዛኞቹም ጨርሰው አይሞሉትም። ማቴዎስ የዓመቱን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ለውጦ ስልክ በሚገባው መንገድ አዘጋጀው፤ በኮሌጁ ቴሌግራም ቻናል ላይም ሊንክ አድርጎ ለቀቀው። አንዴ ሲጫኑት የዓመቱ ቀን ሁሉ ስልካቸው ካላንደር ውስጥ ይገባል። በቃ። ቀኑ ሲደርስ ስልኩ ራሱ ይጮሃል።

ቴሌግራም ለማያዩት ደግሞ በካሜራ የሚነሳ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ትንሽ ካሬ ምልክት አሳተመ። «የት ልለጥፈው?» አለኝ። ባዶ ቦታ የለም አልኩት፣ እውነትም አልነበረም። «እንግዲያው ከእርስዎ ማስታወቂያ ጥግ ላይ ትሁን» አለና ለጠፋት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተማሪው ወደ ሰሌዳው ይመጣል፣ ስልኩን ወደዚያች ጥግ ይደግናል፣ ይሄዳል። ያን ሁሉ በቀይ ያሰመርኩትን አንድ ፊደል ሳያነብ! ከመስኮቴ ሆኜ ሳይ ጥርሴን ነከስኩ።

ማቴዎስ በዚህም አልበቃውም። ግቢ ውስጥ ያገኘውን ተማሪ ሁሉ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚለው «ስልክህን አምጣ»፣ «ስልክሽን አምጪ» ነው። ቀኖቹ መግባታቸውን በዓይኑ ካላየ አይለቅም። ቀኖቹን የሚጠራቸውም ሰው በሚያስበው ስም ነው። ለአንዱ «የሚካኤል ማግስት ነው» ይለዋል፤ ለሙስሊሙ ልጅ «ከጁምዓ በፊት ያለው ሐሙስ» ይለዋል። እኔ «የኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ የመጨረሻ ዕለት» ብዬ የምጽፈውን፣ እሱ ስልካቸው ላይ «ኮርስ መቀየር እስከ ዛሬ ነው፤ ነገ እትዬ የሺም አያድኗችሁም» ብሎ ጻፈው።

ይህንን አንድ ተማሪ እየሳቀ ሲያሳየኝ ዓይኔ ደም ለበሰ። ሄጄ «ስሜን ምን ትሠራበታለህ? እኔ ማስፈራሪያ ነኝ?» አልኩት። እሱ የምር ደነገጠ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እለውጠዋለሁ አለ። ይለውጠው አይለውጠው አላየሁም፤ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። የኔ ስልክ ላይም ሊጭንልኝ ቢጠይቀኝ «የኔ ካላንደር ጭንቅላቴ ነው» ብዬ መለስኩት። ሳቅ አለና «እሺ እትዬ የሺ፣ ለጭንቅላትዎስ ማን ያስታውሰዋል?» አለኝ። ሻዬን መጠጣት ቀጠልኩ።

ሄለን የምትባል የቁስቋም ልጅ ነበረች። የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ሊንክ አይከፍት፣ ፎቶ አያነሳ። ማቴዎስ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ያችን ስልክ ቁልፏን እየነካካ ቀኖቹን በእጁ ሞላላት። ሲሞላ «ጠዋት ጠዋት የት ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። ዳቦ ቤት እንደምትሠራ፣ ጎህ ሳይቀድ ገብታ ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ እንደምትወጣ ነገረችው። እኔ ያቺን ልጅ ከገባችበት ዓመት ጀምሮ በመስኮቴ አያታለሁ። ወረፋ ላይ ቆማ ለምን እንደምታንቀላፋ ጠይቄያት አላውቅም፤ የሌሊት ጨዋታ ወዳድ ትሆናለች ብዬ ነበር የተውኳት። ያን ቀን የቀናሁት በመወደዱ ሳይሆን በጥያቄው ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ እንዴት ለኔ ሳይመጣ ለሱ መጣለት?

አንድ ጊዜ ግን እግዜር የሰማኝ መስሎኝ ነበር። ያ የመጀመሪያው ምዝገባ ነው፣ ካላንደሩን ከለቀቀ በኋላ የመጣው። ምዝገባው የሚዘጋው ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ በሩ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። ነጠላ ጫማ ያደረገ አለ፣ የጥርስ ሳሙና አፉ ዳር የደረቀበት አለ። አንዷ ከታክሲ ወርዳ እየሮጠች «ተዘጋ? ተዘጋ?» ትላለች። ስልካቸው ሁሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጮኾ «ምዝገባ አሁን ይዘጋል» ብሏቸዋል።

ለካ ማቴዎስ የእኛ ሰው ነውና ስምንት ሰዓትን ስምንት ብሎ ነው የጻፈው። ስልኩ ደግሞ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው፤ በሱ ስምንት ማለት የእኛ ጠዋት ሁለት ነው። ማቴዎስ ደርሶ አንዱን ስልክ አየና እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «በእኛ ሰዓት ጻፍኩት» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። «እንግዲህ ስልኩ ሽሮ ሜዳ አላደገ» አልኩት። ወደ መስኮቴም ሄጄ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ፤ ዲኑ ሲሰማ ይህ የስልክ ጨዋታ ያበቃል፣ ሰውም ወደ እኔ ይመለሳል ብዬ።

ደስታዬ ግን እስከ ምሳ አልቆየም። ተማሪው አንዴ ከመጣ እየተነጫነጨም ቢሆን ተመዘገበ። ፎቶ የረሳው ሄዶ ይዞ መጣ፣ ያልከፈለ ባንክ ደርሶ ተመለሰ፤ ለሁሉም ጊዜ ነበረው። ሌላ ጊዜ ግፊያና ልቅሶ የሚሆንበት ሰዓት ሲደርስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መስኮቴ ፊት ማንም የለም። ዲኑ የተለመደውን ትርምስ ሊያይ መጥቶ እኔና ማቴዎስን ቁጭ ብለን አገኘን። ያመለጠው ተማሪ አልነበረም። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ማቴዎስን ያመሰገነውም በዚሁ ነው። ሰው ሲሳሳት እንኳን ይመረቅለታል? ለኔ ትክክል ስሠራ ማን አጨበጨበ?

ማቴዎስ ስህተቱን አላረመውም። ማንቂያውን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዳለ ተወውና ከሥሩ «እስከ ከሰዓት ስምንት» ብሎ ጨመረበት። በር ሊዘጋ ሲል የሚጮህ ነገር ለቅሶ ነው፣ ማስታወሻ አይባልም አለኝ። እንደዚያ ሲል ነገሩን ከመጀመሪያው ያሰበበት ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ተደናቅፎ የወደቀበት ቦታ ላይ ያገኘው ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉም ተናግሬአለሁ።

ከዚያ በኋላ መስኮቴ ዝም አለች። ወረቀት ለማስገባት ይመጣሉ እንጂ የሚጠይቀኝ ጠፋ። የሚመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ «እትዬ የሺ፣ ጋሽ ማቴ አለ?» የሻይ ብርጭቆዬን መስኮቷ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ብርጭቆዬን የሚያስነሳኝ ወረፋ አልነበረም። ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ደስ ይለኝ ነበር፣ ዛሬስ ይመጣሉ ብዬ። ቀኖቹ አንዴ ስልክ ውስጥ ከገቡ ለካ ኔትወርክ አይፈልጉም። ይህንንም ያስረዳኝ ራሱ ማቴዎስ ነው፣ ያሰብኩትን ሳያውቅ፣ በትዕግሥት።

በየበዓሉ ተማሪዎቹ ለሱ ድፎ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። እሱ ቆርሶ መጀመሪያ ለኔ ነው የሚያቀብለኝ። በልቼዋለሁ፣ ጣፍጦኛል፣ እየጣፈጠኝም ቀንቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እቤቱ ወደቀ አሉ። ልቡ ነው። አርብ ዕለት አብረን ድጋሚ ፈተና መውሰድ ያለባቸውን ስም ዝርዝር ለጥፈን፣ «ሰኞ እንገናኝ እትዬ የሺ» ብሎኝ ነበር የወጣው፤ እንደ ልማዱ መሳቢያውን ሳይዘጋ። ቅዳሜውኑ ቁስቋም ማርያም ተቀበረ። ዲኑ ቀብሩ ላይ እጄን ይዞ ለቅሶዎን በደንብ ይጨርሱ፣ ሰኞ አይገቡም አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሁድን ሙሉ አልቅሼአለሁ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ አልገደደኝም። የምቀናበትን ሰው እወደው ኖሯል። ሁለቱ አንድ ልብ ውስጥ ይቀመጣሉ ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሰኞ ሠልስቱ ነው። ከላይ እንዳልኩት ድንኳኑ ሞልቷል፣ እኔም ተቀምጬ የለቀስተኛውን ብዛት አያለሁ። ሄለን ቀደም ብላ ወጥታ ከዳቦ ቤት በቀጥታ መጥታ፣ ዱቄቱ ክንዷ ላይ እንዳለ፣ ከፊቴ ተቀምጣለች። የንስሐ አባታቸው ጸሎት አድርሰው ዝም ባልንበት ሰዓት የሄለን ስልክ ጮኸ። እነዚያ ባለ ቁልፎች ድምፃቸው አያድርስ ነው። የእድሩ ዳኛ ዞር ብለው «ስልክ ዝጉ እንጂ ልጆች፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው» አሉ። አፋቸውን ሳይገጥሙ ሌላ ስልክ ጮኸ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ከየጥጉ፣ ከውጭ አስፋልቱ ዳር ካሉትም። ድንኳኑ በሙሉ ጮኸ።

ተማሪዎቹ ስልካቸውን አውጥተው አዩ። አንዷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማንም ግን አልተነሣም፤ ከሠልስት መሃል ተነሥቶ መሄድ እንዴት ይሆናል? አንዱ ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ በአንድ ቀና እያሉ ወደ እኔ ማየት ጀመሩ። ለምን እኔን እንደሚያዩኝ አልገባኝም። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ የድጋሚ ፈተና መመዝገቢያ የመጨረሻ ቀን ነው። እስከ ከሰዓት ስምንት። የትም ብትሆኑ ተነሡ። እትዬ የሺ መስኮቱ ላይ ይጠብቋችኋል።»

እትዬ የሺ መስኮቱ ላይ አልነበረችም። እትዬ የሺ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ነበር፣ የመስኮቱ ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ። ረስቼዋለሁ። አርብ ማታ የማውቀውን፣ ሃያ ዓመት በቃሌ ስይዘው የኖርኩትን ቀን፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። ለጭንቅላቴ የሚያስታውሰው ሰው ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል። ከዋናው ግቢ የድጋሚ ፈተና ዝርዝር የሚወስደው ሰው ከሰዓት ይመጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ እሱን ሲያለቅሱ ዓመት ይደግማሉ።

የማቴዎስ አባት ቀና አሉ። «ምንድነው የሚለው?» አሉኝ።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሲሰሙ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ያንን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ። ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «ተነሡ እንጂ ልጆቼ። ከበዓል በኋላ የደረሰ ጥበብ ጨርቅ ነው» አሏቸው።

የተነሣሁት መጀመሪያ እኔ ነኝ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል፣ ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ፣ በጥበብና በጋቢ ሱቆቹ በኩል፤ ከኋላዬ ተማሪው። ታክሲ ያገኘ በታክሲ፣ ያላገኘ በእግሩ። የሱቅ ሰዎች ወጥተው ያዩናል፣ ቀብር መስሏቸው ባርኔጣ ያወለቁም ነበሩ። ከኮሌጁ ደርሼ ከፈትኩ። የማቴዎስ መሳቢያ እንደተከፈተ ነው። መስኮቷ ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆዬን አነሣሁና ተቀመጥኩ።

ወረፋው እስከ ውጭው በር ደረሰ። እንደ ድሮው። «እትዬ የሺ ይኼስ?» «እትዬ የሺ ፎቶ ስንት?» «እትዬ የሺ ደረስን?» ስንት ዘመን የተመኘሁትን መስኮቴን በጠዋቱ መለሰልኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ግን ትዝ አለኝ፦ እነዚህ ሁሉ እኔን ፈልገው የመጡ አይደሉም፣ እሱ ነው የላካቸው። ሞቶም ከኔ ቀድሞ ነገራቸው። እንባዬ በወረቀታቸው ላይ እየወረደ ቀናሁ፣ እየቀናሁም ጻፍኩ። የሚያምረውን ፊደሌን አልጻፍኩም፤ ቶሎ ቶሎ ነበር።

ከምሳ በፊት አለቀ። ዝርዝሩ ታሽጎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ የሚወስደው ሰው ገና አልመጣም። ሄለን ሌላውን ሁሉ አስቀድማ የመጨረሻ ሆነች። ስሟን ጽፌ ወረቀቷን በክፍተቱ መለስኩላት። አልሄደችም። ፍርግርጉን በዱቄት እጇ ይዛ ትንሽ ቆየች።

«እትዬ የሺ፣ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ መቼ ነው?»

ያንን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠብቄዋለሁ። ይኼኛውን አልረሳሁትም፤ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስልክሽን አምጪ» አልኳት።